ጭስ ያስላል እንጂ አያሳብድም

ባለፈው ጥር ለአጎቴ ልጅ ሰርግ ዲላ ወርጄ ነበር። ከሚኒባሱ ገና እግሬን ሳወርድ ያ ሽታ አፍንጫዬ ገባ። የቡና ገለባ ነው፤ ነበልባል ሳይኖረው ውስጥ ለውስጥ ሲጤስ፣ እርጥብ ጆንያ የተቃጠለ የሚመስል። ሰው ሁሉ ሻንጣውን ሲፈልግ እኔ በነጠላዬ አፍንጫዬን ሸፍኜ ማን እያየኝ እንደሆነ ዞር ዞር ብዬ ቃኘሁ። ማንም አያየኝም ነበር። ቢሆንም ደስ አላለኝም።

ባለቤቴ «አንቺ እኮ ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ አልክድም። ጎረቤት ቆሎ ብትልክልኝ እንኳ «ምን ፈልጋ ነው?» እላለሁ። ይሄ ጠባይ ከየት እንደመጣ ግን አሳምሬ አውቀዋለሁ። አራተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ፣ በአንድ የቡና ወቅት ነው የያዘኝ።

ቤታችን ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከአንድ የቡና መፈልፈያ ጋር አጥር ለአጥር ነበር። እናቴ ከፊት ለፊት ሱቅ ነበራት፤ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ብስኩት፣ የባትሪ ድንጋይ ትሸጣለች። አባቴ እዚያው መፈልፈያ ውስጥ የማሽን ኦፕሬተር ነው። ሁለቱም የሰላሌ ሰዎች ናቸው፤ ዲላ የገቡት እኔ ሳልወለድ ነው። ከጓሮ ደግሞ አንዲት ክፍል ነበረችን፤ እሷን እትዬ ታመነች የምትባል ልብስ ሰፊ ተከራይታታለች።

እትዬ ታመነች የጌዴኦ ልጅ፣ የቡሌ ሰው ናት፤ በሃይማኖቷ ጴንጤ። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። እኔን «አንተ ሰኒ፣ ና እስቲ» ትለኛለች። አንድ ቀን አባቴን «ደህና አደርሽ?» ብላው እናቴ ሆዷን ይዛ ስቃለች። የዚያን ጊዜ እናቴና እትዬ ታመነች ይዋደዱ ነበር። ባልም ልጅም የላትም፤ ይህንን እናቴ ለሰው ስትናገር ግን ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር። ለምን ዝቅ እንደምታደርግ እኔ አይገባኝም ነበር።

ወንድሜ ናቲ ስድስት ዓመቱ ነው። ወሬኛ ብላችሁ እንደሱ ያለ ወሬኛ አላየሁም! የቤታችንን ጉድ ሁሉ ለሱቁ ደንበኛ ያወራል። «ትላንት እማዬ አባዬን ተቆጣችው፣ አባዬም ራቱን ሳይበላ ተኛ» ብሎ ሻይ ቅጠል ልትገዛ ለመጣች ሴትዮ ይዘረግፈዋል። እናቴ በክርኗ ጎሸም ስታደርገው «ምን አጠፋሁ? ውሸት ነው?» ይላል። ውሎው ግን እትዬ ታመነች ጋ ነው። የስፌት መኪናዋ መርገጫ ላይ እግሩን ከእግሯ ጎን ያስቀምጥና እሱም የሚሰፋ ይመስለዋል። ሲወድቅም፣ ውሻ ሲያባርረውም፣ የሚጮኸው «እትዬ ታመነች!» ብሎ ነው። እናቴ በዚህ ትንሽ ትቀና ነበር መሰለኝ።

ያን ዓመት የመፈልፈያው ባለቤት ሁለተኛ ማሽን አስገባ። ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነልባሱ የደረቀው ቡና፣ ከወናጎም ከአሪቻም በአይሱዙ እየመጣ ይራገፋል። ማሽኑ ፍሬውን ወደዚህ፣ ገለባውን ወደዚያ ይተፋል። ድሮ ገለባውን ገበሬዎች ለማሳቸው ይወስዱት ነበር፤ ያን ዓመት ግን ከአቅማቸው በላይ ሆነ። ክምሩ ከአጥራችን ከፍ አለ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ ይጤሳል። ዘበኛው «ማንም አልለኮሰውም፣ ራሱ ነው የተነሳው» አለ። እስከ ዛሬ አላመንኩትም።

ነበልባል አልነበረውም። ከሥሩ ቀስ እያለ ይበላና ከላይ ወፍራም ጭስ ይለቃል። ጠዋት ነፋስ ስለማይኖር ጭሱ ወደ ላይ አይወጣም፤ ቆርቆሯችን ላይ ተጋድሞ ይውላል። ማሽኑ ሲነሳ ደግሞ የገለባው ብናኝ ይጨመርበታል። ነጭ ልብስ ያሰጣ ሰው ግራጫ ልብስ ያነሳል። እናቴ የብስኩቱን ፓኬት በጨርቅ ስትወለውል ትውላለች። ወጡ ጭስ ጭስ ይላል፣ ትራሳችን ጭስ ጭስ ይላል። እኔና ናቲ ክምሩ ውስጥ አውሬ ተኝቷል ብለን አምነን ነበር፤ ጭሱ ትንፋሹ፣ የማሽኑ ጩኸት ደግሞ እሱን የሚቀሰቅሱበት ነው። አባዬ የሚሠራው አውሬውን መመገብ ነው ብለንም ደምድመናል። ሲጠየቅ ደግሞ ዝም ይላል፤ ስለዚህ እውነት ነው።

መጀመሪያ ሁላችንም ሳልን። ሳል ማንንም አያስደነግጥም፤ ማርና ሎሚ አለለት። ከዚያ በኋላ የመጣው ነው ግራ ያጋባን። የኛ ረድፍ ልጆች ሁሉ ነገረኛ ሆንን። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ሳንደባደብ የጨረስንበትን ቀን አላስታውስም። የባለ ወፍጮው ልጅ፣ ያ ትልቁ ልጅ፣ ፍራሹ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ እያየን ሰፈሩ ሁሉ ሳቀበት። እኔን ከግራ ዓይኔ በላይ ይወጋኛል፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አንብቤ ሳልጨርስ ይጠፋብኛል፤ ማንም ሳይነካኝ እንባዬ ይመጣል። መምህራችን «ዘንድሮ ምን ሆናችሁ? ሰይጣን ሰፈረባችሁ?» ይሉና መስኮቱን ይዘጋሉ፣ ከዚያ እሳቸውም በትንሽ ነገር ይገርፉናል። ሁሉም ሌላውን በክፉ ዓይን ማየት ጀመረ።

ናቲ ግን ዝም አለ። በመጀመሪያ ማንሾካሾክ ጀመረ፤ ከዚያ በራሱ መነቅነቅ፤ ከዚያ ጭራሽ ምንም። ማሽኑ ሲነሳ ጆሮውን ይዞ ባንኮኒው ሥር ከሳሙና ካርቶኑ ጀርባ ይወሸቃል፣ ይንቀጠቀጣል። አንዷ ደንበኛ ጭንቅላቱን ልትዳብስ ብትል እጇን ነከሳት። እንቅልፍ የለውም፤ ቢተኛም ይባንናል። ጭራሽ ከመዝጋቱ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ በጆሮዬ «ሰኒ፣ ዛሬ ነው የምንሞተው?» አለኝ። ልክ «ዛሬ ትምህርት አለ?» እንደሚል አድርጎ ነው የጠየቀኝ። ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። የያዘችው ሚዛን ከእጇ ወደቀ።

ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ የሳል ሽሮፕ ሰጡት። ሳሉ ሻል አለው፣ አፉ ግን አልተፈታም። ግቢ ውስጥ ይህንን ሲያወሩ እትዬ ታመነች ክር እየበጠሰች «ኧረ ይሄ ጭስ ነው! እኔም ራሴ ሊፈነዳ ነው። አጥፉት በላቸው እንጂ» አለች ለአባቴ። አባቴ «ጭስ ያስላል እንጂ አያሳብድም» አለና ተነሥቶ ወጣ። አባቴ እንዲህ ቶሎ መልስ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ጨው አቀብለን ብንለው እንኳ አስቦ ነው የሚያቀብለን። ለምን ቸኮለ አልኩ በልቤ።

እናቴ ግን የሰማችው ሌላ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለት ትወዳለች፤ ያን ሰሞን ወደ ኋላ ተመልሳ የዓመቱን ነገር ሁሉ እንደ ምስር ትለቅም ጀመር። ለቅማ ለቅማ አንድ ነገር አገኘች። ጭሱ ከመጀመሩ በፊት እትዬ ታመነች ናቲን አቅፋ «የዚህ ልጅ አፍ ማር ነው! በዲላ እንደሱ የሚያወራ የለም» ብላ ነበር። ልጅ ሲሞገስ «ከዓይን ያውጣው» ይባላል፤ እንትፍ እንትፍ ይባላል። እሷ አላለችም። እናቴ እየሳቀች «ከዓይን ያውጣው በይ እንጂ!» ብትላት፣ እሷም እየሳቀች «እኔ ጌታ አለኝ፣ ዓይን ምን ያደርጋል?» አለቻት። የዚያን ዕለት ሁለቱም ስቀው አለፈ። አሁን ግን እናቴ «ለምንድነው ያላለችው? ለምንድነው የሳቀችው?» እያለች ትመላለስ ጀመር።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ታመነች ምን ብታደርግ አይሆንላትም። ለናቲ ሸንኮራ ብትሰጠው «ምን አድርጋበት ነው?» ባትሰጠው «ሥራዋን ጨርሳ ነዋ!» ጠዋት በጌዴኦኛ ስትጸልይ «ምን እንደምትል ማን ያውቃል?» ናቲ ባንኮኒው ሥር ሆኖ ሲንቀጠቀጥ ቆማ በሐዘን ብታየው፣ እናቴ ክንዴን ቆንጥጣ «እያት፣ እያት እንዴት እንደምታየው! እየበላችው እኮ ነው!» ትለኛለች። እኔ አያለሁ፣ የማየው እንባ ያቀረረ ዓይን ነው። ግን እናቴ ያየችውን እኔ ስላላየሁ ዓይኔን መጠርጠር ጀመርኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናቴ «ሂጂ ከእትዬ ታመነች ቁራጭ ጨርቅ ለምኚ፣ አሻንጉሊት እሠራልሻለሁ» አለችኝ። እናቴ? አሻንጉሊት? በዕድሜዋ ሠርታ አታውቅም። ጠረጠርኩ፤ ግን እናት ላከችኝ፣ ሄድኩ። እትዬ ታመነች ደስ ብሏት እፍኝ ሙሉ ሰጠችኝ፤ የዩኒፎርም ሰማያዊ፣ የካኪ፣ የገበር ቁራጭ። እናቴ ጠረጴዛ ላይ በትና በጣቷ ስትፈትሽ ቆየችና አንዲት ቢጫ አበባ ያላትን መዘዘች። እትዬ ታመነች እሑድ እሑድ ለጸሎት የምትለብሰው ቀሚስ ትርፍ ነው። የቀረውን ጠራርጋ ጣለችው። አሻንጉሊቱም በዚያው ቀረ።

እኛ ዘንድ የሚባል ነገር አለ፤ ቡዳ የበላው ሰው ከተጠረጠረው ሰው ልብስ በተቆረጠ ጨርቅ ሲታጠን የበላውን ሰው ስም ይለፈልፋል። ያን ዕለት አባቴ ሥራ ላይ ነበር። እናቴ በርና መስኮቱን ዘጋች፣ ናቲን በርጩማ ላይ አስቀመጠችው፣ ከሥሩ ፍም አደረገች፣ ጨርቁን ከማላውቀው ሥር ጋር ፍሙ ላይ ጨመረችና ከላይ ጋቢ ደፋችበት። እኔ በሩ ሥር ቆሜያለሁ። ከውጭ የገለባው ጭስ በበሩ ስንጥቅ ይገባል፣ ከውስጥ የጨርቁ። ጋቢው ይንፈራገጣል። እናቴ ሁለት እጇን ጭና «ማነው? ማነው የበላህ? ተናገር!» ትላለች፤ እያለቀሰች ነው የምትለው። ልጇ ሲያልቅባት እያየች ነበር፤ ይህንን ሳልል አላልፍም።

ናቲ ከስንት ጊዜ ዝምታ በኋላ አፉን ከፈተ። «እትዬ ታመነች!» ብሎ ጮኸ። «እትዬ ታመነች! እትዬ ታመነች!»

እናቴ ደረቷን መታች። «ይኸው! ለፈለፈ!» አለች። በሩ ተበርግዶ ተከፈተ፤ እትዬ ታመነች ናት፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ መርፌ ከነክሩ ደረቷ ላይ ተሰክቶ። «መጣሁ! መጣሁ!» እያለች ጋቢውን ገፈፈችና ልጁን አነሣችው። ናቲ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። ለእናቴ ግን ይሄ የመጨረሻው ማስረጃ ነበር፤ ስሙ ሲጠራ ራሱ ከተፍ የሚለው ቡዳ ነው ይባላላ! ልጇን ነጠቀቻትና «ውጪልኝ!» አለቻት።

«እማዬ፣ የጠራት እኮ እንድታወጣው ነው! ሁልጊዜም እሷን ነው የሚጠራው!» አልኩ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ! ዝም በይ!»

የዚያን ዕለት አባቴ ሲመጣ ሁሉንም ሰማ። እጁን ታጥቦ ሲጨርስ «ልጁ እህቴ ጋ ይሂድ» አለ። አክስቴ ቡሌ ላይ አስተማሪ ናት። እናቴ «ደግሞ የሷ አገር?» ብላ አንገራገረች፤ በኋላ ግን እትዬ ታመነች እዚህ እኛ ግቢ እስካለች ድረስ መራቁን ወደደችው። ናቲ ሄደ። ከቡሌ በመጣ ሰው አክስቴ «ተናገረ፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ያለቅጥ ያወራል» ብላ ላከች። ቤታችን እልልታ በእልልታ ሆነ። እናቴ «አያችሁ? ከዓይኗ በራቀ በሳምንቱ!» እያለች ለጎረቤት ሁሉ አወራች። እንግዲህ ምን ትላላችሁ? ልጁ እኮ እውነትም ድኗል።

እትዬ ታመነች ሰፈሩ ሁሉ ልብስ ማሰፋት ተወባት። አንዷ ሴትዮ እንዲያውም የተሰፋ የልጇን ዩኒፎርም ጸበል ረጭታበት ነው ያለበሰችው። ቤቱንም ልቀቂ ተባለች። ጋሪ አስመጥታ የስፌት መኪናዋን ስትጭን ሰፈሩ በመጋረጃ ቀዳዳ ያያታል፤ ማንም አልወጣም። እኔ እናቴ ሱቅ ውስጥ ስትጠመድ ጠብቄ በጓሮ ዞርኩ። ራሴን ዳበሰችኝና «ሰኒ፣ ናቲ ሲመጣ ተባረረ አትበለው። ሥራ አግኝቶ ሄደ በለው» አለችኝ። አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ የጋሪውን ገመድ ደጋግማ ታጠብቅ ነበር።

ናቲን ለማምጣት ከአባቴ ጋር ቡሌ ወጣን። እስከ ግማሽ በመኪና፣ ከዚያ በእግር፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ናቲ ከእንሰቱ መሀል ብቅ አለና ገና ሰላም ሳይለን ወሬውን ዘረገፈው፤ የአክስቴ ፍየል መንታ ወልዳለች፣ የጎረቤቱ ልጅ ጥርሱ ወልቋል፣ ትላንት በረዶ ዘንቧል። ሳቅኩ። እዚያ ባደርንበት ሌሊት እንቅልፍ ምን እንደሚመስል ትዝ አለኝ። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ከግራ ዓይኔ በላይ የሚወጋኝ ነገር የለም።

«አባዬ፣ እኔንም እዚህ ራሴን ተወኝ እኮ» አልኩት። «እኔን ደግሞ ማን በልቶኝ ነበር?»

ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ብሎ ነበር፤ እንደጎነበሰ ቀረ። ቀና ሲል ዓይኑ እኔ ላይ ቆየ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ጭሱ መሆኑን ያውቃል። ማወቅ ብቻ አይደለም፣ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

«ይሄንን ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አለኝ።

«ለምን?»

«ሰኒ! አትንገሪያት አልኩ።»

ያን ማሽን ከማንቀሳቀስ ሌላ ሥራ አያውቅም። ጭሱ ነው ያለ ቀን ከጌታው ጋር ይጣላል፤ የተባረረችውም ሴትዮ ግፍ በእሱ ላይ ይሆናል። ዛሬ ይሄ ይገባኛል። ቢገባኝም አሁንም ሆዴን ያቃጥለኛል፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል እንዲህ ያለውን ነው።

ናቲ ዲላ ገብቶ ጥቂት ቀን አወራ። እናቴ ደስታዋ ወሰን አጣ፤ ለደንበኛ ከረሜላ ትመርቃለች። መፈልፈያው ግን የወቅቱን መጨረሻ ለማድረስ ይጣደፍ ነበር፤ ክምሩ አዲስ ገለባ ተጭኖበት ከቀድሞው የባሰ ይጤሳል። ናቲ ማንሾካሾክ ጀመረ። ከዚያ በራሱ መነቅነቅ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ባንኮኒው ሥር ከካርቶኑ ጀርባ አገኘሁት። እናቴ ባንኮኒው አጠገብ ቆማ የጓሮዋን ባዶ ክፍል ታያለች። እትዬ ታመነች ከሄደች ስንት ጊዜ ሆኗታል።

በማግስቱ ምሳ ቀርቦ አራታችንም ገበታው ዙሪያ ነበርን። እናቴ አልበላችም። «እንግዲህ የውጭ ሰው የለም» አለች ለራሷ። «የሚገባ የሚወጣ የለም። ያለው የቤት ሰው ነው።» ከዚያ ዓይኗን ቀስ አድርጋ አባቴ ላይ አሳለፈችና እኔ ላይ አቆመችው። እናቴ በዚያ ዓይን አይታኝ አታውቅም። ያንን ዓይን ግን አውቀዋለሁ፤ እትዬ ታመነችን ስታይበት አብሬያት ቆሜያለሁ።

«ሰኒ» አለችኝ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ወንድምሽን ትወጂዋለሽ?»

«እወደዋለሁ።»

«ቡሌ፣ አንቺ በሌለሽበት፣ ደህና ነበረ። አንቺ ሄደሽ ይዘሽው መጣሽ።»

አባቴን አየሁት። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። አፌን ስከፍት ዓይኖቹ መጥተው ዘጉት። ጉሮሮውን ጠረገ፤ አሁን ይላል፣ አሁን ይላታል ብዬ ጠበቅኩ።

«ብሉ እንጂ» አለ። «ምግቡ ቀዘቀዘ።»

እናቴ ናቲን ከአጠገቤ አንሥታ በራሷ በኩል አስቀመጠችው።